ዓይኖቼ መሃል፣ አፍንጫዬ አናት ላይ መበሳት ፈልጌአለሁ፤ የሞከረው ሰው ይምከረኝ

የሲልቨር_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ።

ሁልጊዜ የሌላውን አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ የራሴን ይዤ መጣሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። 24 ዓመቴ ነው። ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ሆኜ የማታ ሺፍት እሠራለሁ።

መበሳት የፈለግኩት ብሪጅ የሚሉትን ነው። የአፍንጫ ቀዳዳ ጎን ላይ የሚደረገውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ እሱን አይደለም። ይሄኛው በሁለቱ ዓይኖች መሃል፣ መነጽር ከሚያርፍበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቆዳውን ከግራ ወደ ቀኝ አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ዘንግ ነው። ከፊት ሲታይ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ኳሶች ብቻ ናቸው የሚታዩት። አብራኝ የተማረች ልጅ አድርጋው አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። ስምንት ወር ሆነኝ። የአንድ ሰሞን ስሜት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይለቀኝ ነበር።

ልጅ ሆኜ ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር "አፍንጫዋ ሰልካካ፣ ቁርጥ አባቷን" እየተባልኩ ነው ያደግኩት። አባቴ በሕይወት የለም። ፊቴ ላይ ከሁሉም የምወደው አፍንጫዬን ነው። ለዚህ ይሆናል ጌጥ ላደርግበት የፈለግኩት።

ከባዱ ነገር እማዬ ናት። እማዬ ጎጃም ነው ያደገችው፤ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት። በስምንት ዓመቷ ነው የነቀሷት። ነገሩን የነገርኳት እሑድ ቡና እያፈላች ነው። የሰማችኝ አልመሰለኝም ነበር። አቦሉን ቀዳችና ጀበናውን አስቀምጣ፣ "እኔን ሦስት ሴቶች እጅና እግሬን ይዘው ነው የነቀሱኝ። ማንም አልጠየቀኝም። አንቺ ማንም ሳይዝሽ፣ ገንዘብ ከፍለሽ ፊትሽን ትወጊያለሽ?" አለችኝ። ከዚያ ቶናውን ሳትቀዳ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እማዬ ቡና ጀምራ ስታቋርጥ ያን ቀን አየሁ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አላነሣነውም። የምትለው ገብቶኛል። እሷ ምርጫ አልነበራትም። እኔ ደግሞ የምፈልገው ራሴ መምረጥን ነው። ሁለታችንም ልክ ነን ብዬ አስባለሁ፣ ግን አንድ ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው።

የማላውቀው ብዙ ነገር አለ። መነጽር አደርጋለሁ፤ አብሮ ይሄዳል ወይ? ሥራ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ማስክ ነው፤ የማስኩ ሽቦ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ሕመሙስ? እድሜ ልክ ይቆያል ወይስ ቆይቶ ይወጣል? አንዳንዱ ለዓይን ያሰጋል ሲል ሰምቻለሁ።

እስካሁን የተበሳሁት ጆሮዬን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን በሕፃንነቴ፣ ሁለተኛውን በ17 ዓመቴ ሞል ውስጥ። ሁለተኛው ከበስተኋላው ሽምብራ የምታህል ጠንከር ያለች እብጠት ትቶብኛል፤ አታመኝም፣ ፀጉሬም ይሸፍናታል። ከዚህ ሌላ ምንም ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

ያደረጋችሁት ካላችሁ ክፉውንም ደጉንም ንገሩኝ።

እናት_ነኝ

ልጄ፣ ስለ ቁስሉና ስለ መርፌው የሚያውቁት ይንገሩሽ። እኔ ስለ እናትሽ ልንገርሽ።

የኔም ልጅ አፍንጫዋን ተበስታ ነው የመጣችው፣ በ19 ዓመቷ። ሳትነግረኝ ነው ያደረገችው። አንቺ ቀድመሽ ተናግረሻል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ያኔ ያንገበገበኝ ቀለበቷ አልነበረም። ሰው ከሰማ በኋላ መስማቴ ነበር።

እናትሽ ተነሥታ ጓዳ የገባችው ተቆጥታ ብቻ አይመስለኝም። ሦስት ሴቶች ይዘው የነቀሷት ልጅ ነገሩ ትዝ ብሏት ይሆናል። ያን ቀን እንዴት እንደነበረ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? የራስሽን ጉዳይ ሳታነሺ፣ የሷን ብቻ ጠይቂያት። ከዚያ በኋላ የራስሽ ይደርሳል።

ደግሞ አንድ ነገር። ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂ ከሆነ፣ መስቀል ስትሳለሚ ካህኑ መጀመሪያ ግንባርሽን ነው የሚያስነኩሽ። ሰው በበዛበት ቀን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው። ቁስል ላይ ብረት ሲያርፍ አስቢው።

ዝናብ_አገር

እህቴ፣ እኔ አድርጌው ነበር። ሲያትል ነው የምኖረው። በ22 ዓመቴ ተበሳሁ፣ 14 ወር አብሮኝ ቆየ፣ ከዚያ አወጣሁት። አሁን 27 ነኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደነበረ ልንገርሽ።

ከሰልካካው ልጀምር። እኔም እንደዚያው ነው የሚሉኝ፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አጥንቱ ቁም ነገር የለውም። መርፌው አጥንት አይነካም፣ ለስላሳውንም አጥንት አይነካም። የሚያልፈው በቆዳ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው የሚቆነጠጥ ቆዳ ነው። አሁን ይሄን እያነበብሽ አውራ ጣትሽንና ሌባ ጣትሽን አምጪና ዓይኖችሽ መሃል ቆንጥጪ። ቆዳው እሺ ብሎ ተነሥቶ ጣቶችሽ መሃል ከቆመ ጥሩ። ተወጥሮ እየተንሸራተተ የሚያመልጥሽ ከሆነ ግን ቦታው አይሆንሽም። እኔን የበሳኝ ሰውዬ ሁለት ሦስቴ ቆነጠጠና "ይበቃል፣ ግን ለጥቂት ነው" አለኝ። እኔ "ይበቃል" የምትለዋን ይዤ አልጋው ላይ ተጋደምኩ።

ሰውዬው ሥራውን አዋቂ ነበር፣ ልናገርለት ይገባል። ቀጥ አድርጎ አስቀምጦኝ በእስክሪብቶ ሁለት ነጥብ አደረገ፣ መስተዋት ሰጠኝ፣ ራቅ ብሎ አየኝ፣ አጠፋና እንደገና አደረገ። ሦስት ጊዜ። የኔ የግራ ቅንድብ ከቀኙ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ፊት ግራና ቀኙ እኩል ስላልሆነ፣ ነጥቡ በማስመሪያ ልክ ቢሆንም በዓይን ሲታይ ጠማማ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ተቀምጠሽ ነው የሚደረገው፤ ተኝተሽ ልሥራ የሚልሽ ካለ ተነሥተሽ ውጪ። መርፌው ከታሸገበት ፊትሽ ይከፈት። ጌጡ ቲታኒየም ይሁን፣ ሰውነት ውስጥ ለሚቀበር የሕክምና ዕቃ የሚጠቀሙበትን ደረጃ ጠይቂ። ርካሹ ውስጥ ኒኬል ይኖራል፤ ኒኬል ብዙ ሰው ቆዳ ላይ አለርጂ ያስነሣል። የኔ ዘንግ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው። ለመበሳቱ 70 ዶላር፣ ለጌጡ 50 ከፈልኩ፣ ጉርሻው ሳይቆጠር።

ሕመሙ ከጆሮ ይበልጣል፣ ከጥርስ ሐኪም መርፌ ያንሳል። "ተንፍሺ" አለኝ፤ ተንፍሼ ሳልጨርስ አለቀ። ዓይኔ ግን ሳላለቅስ እንባ በእንባ ሆነ። ቦታው ስለሆነ ነው። በማግሥቱ ዓይኖቼ መሃል አብጦ፣ ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ሰው መስዬ ነቃሁ። በሦስተኛ ቀን ቀነሰ። መጀመሪያ ሰሞን ኳሶቹ በዓይንሽ ጥግ ይታዩሻል፣ ከሳምንት በኋላ አታስተውያቸውም።

ማጠቢያው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፋርማሲ የሚሸጠው 0.9 በመቶ የጨው ውሃ፣ በስፕሬይ። ጠዋትና ማታ። ከዚያ በጎዝ ወይም በወረቀት ነካ ነካ አድርጎ ማድረቅ፤ በፎጣ አይደለም፣ ክሩ ይይዘዋል። አልኮል የለም፣ የሚያረፋው ፐርኦክሳይድ የለም፣ ጌጡን ማሽከርከር የለም። ቢጫ ፈሳሽ ወጥቶ ይደርቃል፤ እሱ መግል አይደለም። ቅርፊቱን በጥፍር አትንኪው፣ በጨው ውሃው ይርጠብና ራሱ ይለቃል።

አክስቴ ከደሴ ደውላ "ቅቤ ቀቢው" አለችኝ። የጆሮ ክር በቅቤ እያለሰለሱ ነውና ያደጉት፣ አልፈርድባትም። ፊቴን አልቀባሁም፤ ፀጉሬን ግን ተቀባሁ። በአምስተኛው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ሹሩባ ተሠርቼ፣ ቅቤ ተቀብቼ፣ አዳራሹ ሞቆ፣ እስክስታው ሲደራ ቅቤው በግንባሬ ላይ ወረደ። ቀጥታ ነው የወረደው፣ በአፍንጫዬ ቦይ። ለጊዜው በሶፍት ጠርጌ ቀጠልኩ። ሁለት ቀን ሳይሞላ ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ደፍርሶ መጣ። ለማረፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የሹሩባ ሰው ከሆንሽ ይሄን ልብ በይ።

ደግሞ የኛ ሰላምታ። ፈረንጁ እጁን ዘርግቶ ያልፋል። እኛ ሦስት አራቴ ጉንጭ ለጉንጭ ነን፤ የትልልቆቹ መነጽር ጠርዝ በትክክል እዚያው ላይ ነው የሚመጣው። አንዲት እናት ለቅሶ ቤት ሳሙኝና ዓይኔ ጨለመ። ምን ልላቸው? ሐዘን ላይ ናቸው።

መነጽሩን በተመለከተ፣ ሲበሱሽ ይዘሽ ሂጂና አድርገሽ ይለኩልሽ። ሁለቱ የአፍንጫ ጎማዎች ከኳሶቹ በታች ቢያርፉ ይቻላል። ከነካካ አይቻልም። የማስኩ ሽቦ ግን አሳስቦኛል። ኤን95 የሚባለውን ጥብቅ ማስክ የምታደርጊ ከሆነ በጣትሽ ጭነሽ ነው አፍንጫሽ ላይ የምታጣብቂው። ሌሊቱን ሙሉ፣ በሳምንት አራት አምስት ቀን። እኔ ቢሮ ነው የምሠራው፣ ማስክ አልነበረብኝም፣ ያም ሆኖ የሆነው ሆነ።

አሁን ዋናው ነገር ይኸውልሽ።

ይሄ ዓይነቱ አበሳስ ቆዳ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ስለሆነ ሰውነት ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሁሉም ሰው ላይ አይደለም፣ ዓመታት የቆየላቸው አሉ። እኔ ላይ በአሥረኛው ወር ጀመረ። ያወቅኩት በፎቶ ነው። ስድስተኛው ሳምንት ላይ እብጠቱ ሲጠፋ ረጅሙን ዘንግ በአጭር ቀይረውልኝ ነበር፤ ያኔ ኳሱ ቆዳዬ ላይ ልጥፍ ያለ ነው፣ ክፍተት የለውም። በአሥረኛው ወር የልደት ፎቶ ላይ ግን በኳሱና በቆዳው መሃል የክብሪት ራስ የምታህል ብረት ትታያለች። ሁለቱ ቀዳዳዎች ተቀራርበዋል ማለት ነው። መስተዋት ፊት ሄጄ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አበራሁ። በዘንጉ ላይ ያለው ቆዳ አብረቅርቆ፣ ቀላ ብሎ፣ ጠርዙ ተልጧል። ስስ ከመሆኑ የተነሣ ብረቱ በፌስታል ውስጥ እንዳለ ዕቃ ከሥር ግራጫ ሆኖ ይታየኛል።

ያን ቀን ማውጣት ነበረብኝ። አላወጣሁም። ስለምወደው ነው። መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ፤ አራት ወር ጠበቅኩ። "ትንሽ ተቆጥቶ ነው፣ ይረጋል" እያልኩ። በ14ኛው ወር ሰውዬው ዘንድ ስሄድ አንድ ጊዜ አይቶ ጓንቱን አደረገ። ትንሽ ብቆይ ቆዳው ተቀድዶ ዘንጉ በራሱ ይወጣ ነበር፣ ጠባሳውም መስመር ሳይሆን ስንጥቅ ይሆን ነበር አለኝ።

ዛሬ ያለኝ ሁለት ጥቁር ነጥብና በመሃላቸው በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን መስመር ነው። የኛ ቆዳ ሲቆስል አጥቁሮ ነው የሚተወው። አምስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሰው ሲያወራኝ ዓይኑ እዚያ ላይ ሲያርፍ አውቀዋለሁ።

በመበሳቴ አልጸጸትም፤ እነዚያ 14 ወሮች ራሴን በመስተዋት ሳይ ደስ እያለኝ ነበር። የሚቆጨኝ አራቱ ወር ነው። ስለዚህ ካደረግሽው፣ በየወሩ በ1ኛው ቀን፣ እዚያው መስተዋት ፊት፣ በዚያው መብራት፣ ማስመሪያ ከሥር ይዘሽ ፎቶ ተነሺ። ኳስ ከኳስ ምን ያህል እንደሚራራቅ ጻፊው። ብረት መታየት ከጀመረ በዚያው ሳምንት አውጪው። ቶሎ የወጣ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የሚተወው።

ቦሌ_ሚካኤል

እኔም አዲስ አበባ ሆኜ ይሄንኑ ነው የማስበው። ወርቅ ቤት ጆሮ በሚበሱበት በሽጉጡ ይሠራልኛል ያለኝ ሰው አለ፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ፣ ቅዳሜ ቀጠሮ አለኝ።

የቆዳ_ክፍል_ነርስ

ቦሌ ሚካኤል፣ የአንተን ላስቀድም፣ ቅዳሜ ቅርብ ነውና። አታድርገው። ያ መሣሪያ የተሠራው ለጆሮ ታችኛው ሥጋ ነው። ደነዝ የጆሮ ጌጥ በግፊት ነው የሚያስገባው፣ እንደ መርፌ አይቆርጥም። አብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ በአውቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት በሚቀቀልበት ማሽን) ሙቀት፣ በ121 ዲግሪ፣ አይቀቀልም፤ ይቀልጣል። በአልኮል ጠርጎ ለሚቀጥለው ሰው ማለፍ ነው የሚቀረው። ሄፓታይተስ ቢን የመሰለ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ደግሞም መሣሪያው ቆዳን ቆንጥጦ ከጎን ወደ ጎን ማሳለፍ አይችልም። ቀጠሮህን ሰርዝ ወንድሜ።

አሁን ወደ አንቺ፣ የሲልቨር ልጅ። አዲስ አበባ ውስጥ በቆዳ ሕክምና ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ጽሑፍሽን ሳነብ ሁሉም ስለ አፍንጫሽ ሲያወራ እኔ ጆሮሽ ላይ ቀረሁ።

ያቺ ሽምብራ የምታህል እብጠት ታሳስበኛለች። እስቲ እነዚህን መልሺልኝ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ነው እየቆየች ያደገችው? ከቀዳዳው አልፋ ወጥታለች? ጠንካራና ለስላሳ ገጽ ያላት ናት? አንዳንዴ ታሳክክሻለች? እናትሽ ወይም እኅት ወንድም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

አዎ የምትዪው ከበዛ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። ኬሎይድ ማለት ቁስሉ ድኖ ሳለ ቆዳው ጠባሳ መሥራቱን አለማቆሙ ነው። ከቁስሉ ወሰን አልፎ ይሄዳል። ጠቆር ያለ ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ይበዛል፣ በቤተሰብም ይወርዳል፣ በብዛት የሚጀምረው ከ10 እስከ 30 ባለው ዕድሜ ነው። አንቺ መሃሉ ላይ ነሽ። ከመበሳት በኋላ የሚወጣ ትንሽ ቀይ እብጠት ሁሉ ኬሎይድ አይደለም፤ ብዙው የመቆጣት ነው፣ በሳምንታት ይጠፋል። ሰባት ዓመት የቆየ ጠንካራ ነገር ግን በዚያ አይመደብም።

በቀናነት ልንገርሽ። ኬሎይድ አብዝቶ የሚወጣው ጆሮ፣ ደረት፣ ትከሻና መንጋጋ አካባቢ ነው፤ የአፍንጫ አናት ከነዚያ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ በእርግጠኝነት ይወጣብሻል አልልሽም። ነገር ግን አንዴ ያወጣ ቆዳ ሌላም ቦታ ሊያወጣ ይችላል፣ ዓይኖችሽ መሃል ደግሞ ፀጉር አይሸፍንሽም። ቆርጦ ማውጣት ብቻውን መልስ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ ከፊቱም ብሶ። ስቴሮይድ መርፌ እዚያው እብጠቱ ውስጥ በየጥቂት ሳምንቱ መስጠት ነው የተለመደው። ከዓይን አጠገብ እሱን መስጠት ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ስለ ዓይን ያሰጋል ስላልሽው፣ መርፌው ዓይን አይነካም። ሥጋቱ ሌላ ነው። ከአፍንጫ አናት እስከ ሁለቱ የአፍ ጥግ ያለውን ቦታ ሐኪሞች የአደጋ ሦስት ማዕዘን ይሉታል። የዚያ ደም ሥሮች በዓይን ጉድጓድ በኩል አንጎል ሥር ካለ የደም ማጠራቀሚያ ጋር ይገናኛሉ። ስለዚህ እዚያ ላይ የከፋ ኢንፌክሽን ጆሮ ላይ እንዳለው አይታይም። ይሄ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። ግን ትኩሳት፣ የዓይን ሽፋን ማበጥ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ከመጣ ነገ ልሂድ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። ጌጡንም ራስሽ አታውጪው፤ ቀዳዳው ሊደፈንና መግሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ከመበሳትሽ በፊት ጆሮሽን ለቆዳ ሐኪም አሳዪ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የሲልቨር_ልጅ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም አንድ በአንድ አንብቤያችኋለሁ።

ሲስተር፣ ጥያቄዎችሽን ያነበብኩት ሥራ ላይ ነው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ። ጣቴ ሳላዘው ጆሮዬ ኋላ ሄደ። በ17 ዓመቴ የምስር ፍሬ ነበረች። ያኔ እንዲያውም የጌጡ ቡሎን ቆዳዬ ሥር የቀረ መስሎኝ ነበር። አዎ ታሳክከኛለች፣ በተለይ ሲሞቅ። አይቼ የማላየው ነገር ነበር።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ጆሮዬን አጥፎ በመብራት አየ፣ በሁለት ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። "ኬሎይድ ነው፣ ትንሽ ስለሆነ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የመጣሽው" አለኝ። የመጀመሪያውን መርፌ እዚያው ሰጠኝ። በጣም ነው የሚያመው፤ መድኃኒቱ ጠንካራ ሥጋ ውስጥ ሲገባ መወጠሩ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ስለ ብሪጁ ስጠይቀው ጌጡን አልተቃወመም። "ይሄን ጆሮ የያዝኩት እኔ ብሆን ፊቴን አልነካም" ብቻ ነው ያለው። ከዚያ "ቤተሰብ ውስጥ አለ?" አለኝ። አላውቅም አልኩት።

ማታ እማዬን ጠየቅኳት። እናት_ነኝ፣ የእርስዎን ምክር አስቤ፣ መጀመሪያ ስለ ንቅሳቱ ነው የጠየቅኳት። እየፈራሁ ነበር። እሷ ግን ስትጠብቀው የኖረች ይመስል ነገረችኝ። የነቀሷት አሮጊት እጅ ጥላሸት ጥላሸት ይሸት እንደነበር፣ እናቷ በር ላይ ቆማ ፊቷን እንዳዞረች፣ ከዚያ በኋላ ለማባበያ ማር እንደሰጧት፣ ማር ዛሬም እንደማይጥማት። እኔ እስከ ዛሬ ስለምትጾም ነው ማር የማትቀምሰው ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ ስለ ጆሮዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና የቀሚሷን እጅጌ እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችው። በልጅነቷ በየገጠሩ እየዞሩ ፈንጣጣ ሲከትቡ የተከተበችበት ቦታ ላይ፣ አውራ ጣቴን የሚያህል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ እንደ ሸርጣን እግር የተዘረጋ ነገር አለ። 24 ዓመት አብሬያት ኖሬ አላየሁትም። ሁልጊዜ ረጅም እጅጌ ነው የምትለብሰው፤ ስለ ጨዋነት ነበር የሚመስለኝ። "ያሳክከኛል፣ ለማን እነግራለሁ" አለችኝ።

ግንባሯንም እንድነካው ፈቀደችልኝ። የመስቀሉ ሦስቱ ክንዶች ልሙጥ ናቸው። አራተኛው፣ ወደ ቀኝ ዓይኗ ያለው፣ በጣት ሲነካ ከፍ ይላል። በዓይን አይታወቅም።

ብሪጁን ትቼዋለሁ። ቀላል አልነበረም፣ ሁለት ቀን ከፍቶኝ ነበር የሰነበትኩት። ዝናብ አገር፣ ስለ አራቱ ወር የጻፍሽውን ባላነብ ኖሮ "ቀስ ብዬ አየዋለሁ" ብዬ የማደርገው ይመስለኛል፤ መብራቱን አጥፍቼ የምወጣ ዓይነት ሰው ነኝና። ቆዳዬን ቆንጥጬውም ነበር። በደንብ ይነሣል። ይሄ ነው ትንሽ ያንገበገበኝ።

ቦሌ ሚካኤል፣ ቅዳሜ ሄድክ ወይስ ቀረህ? ንገረን።

የሚቀጥለው መርፌ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። እማዬ አብሬሽ እሄዳለሁ ብላለች፤ ክንዷን ልታሳየው።